ጠርሙስ ነቅንቆ በሞተር ዘይት ላይ መፍረድ፦ የሚታየው አረፋና የማይታየው አየር

ቪዲዮው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ግልጽ ጠርሙሶች ቆመዋል፤ በአንዱ አንድ ዓይነት የሞተር ዘይት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት። አንድ ሰው ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ አጥብቆ ይነቀንቃቸዋል፤ ከዚያ ያስቀምጣቸዋል። በአንዱ ላይ ወፍራም አረፋ ይቆማል፤ በሌላው ላይ አረፋው ቶሎ ይጠፋል። «አያችሁ? ሞተራችሁን የሚበላው ይሄ አረፋ ነው!» ይባላል። በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። አረፋ ያወጣው ዘይት «መናኛ» ወይም «ፎርጂድ»፣ ያላወጣው ደግሞ «ኦርጅናል» ሆነ።

እናንተም እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። በዚህ ጽሑፍ የምንገመግመው ይህን «ሙከራ» ነው። መጽሐፍና ፊልም እንደሚተች ሁሉ ሙከራም ይተቻል። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ምን ጠየቀ? በትክክል የለካው ምንድን ነው? ከለካው ነገር ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜስ ያስኬዳል ወይ?

የእኛን ድምዳሜ ቀድመን እንንገራችሁ። የቪዲዮው ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ካሜራው የሚያየው ከላይ የተንሳፈፈውን አረፋ ብቻ ነው። ሞተሩን ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ዘይቱ ውስጥ ተበትኖ የቀረው ደቃቅ አየር ነው። ይባስ ብሎ፣ ከላይ ያለውን አረፋ የሚያጠፋው ኬሚካል አንዳንዴ ከውስጥ ያለው አየር ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ስለዚህ በጠርሙሱ ውድድር «ያሸነፈው» ዘይት ሞተር ውስጥ ሲገባ ተሸናፊ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ፣ ቪዲዮው ልክ የሆነበት ቦታ

አየር የሞተር ዘይት ጠላት ነው የሚለው ሐሳብ እውነት ነው። በሚሽከረከረው ክራንክሻፍትና በኩሽኔታው መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከራስ ፀጉራችሁ እጅግ ይቀጥናል። ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያንን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ የሚቆመው ይህ ስስ ሽፋን ነው። መሸከም የቻለው ደግሞ ዘይት ሲጫኑት በቀላሉ የማይጨመቅ ፈሳሽ ስለሆነ ነው።

አየር ግን ይጨመቃል። መርፌ የሌለው ባዶ ሲሪንጅ አፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ ግፉት፤ ወደ ውስጥ ይሄድላችኋል። ውሃ ሞልታችሁ ግፉት፤ ንቅንቅ አይልም። አሁን ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ ትንሽ አየር እንዳለ አስቡ። በከባቢ አየር ግፊት ላይ ሆነን ብናሰላው፣ ከጠቅላላ ይዘቱ 1 በመቶ ብቻ የአየር ፊኛ የሆነበት ዘይት፣ መጨመቅን የመቋቋም አቅሙ ወደ አንድ መቶኛ ገደማ ይወርዳል። ግፊቱ ሲጨምር ፊኛዎቹ ስለሚጠብቡ ልዩነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቢሆንም አንድ በመቶ አየር ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ራሱ ሊያስገርማችሁ ይገባል።

በዘይት ግፊት የሚሠሩ የሞተር ክፍሎች ይህን ቶሎ ያሳብቃሉ። ብዙ ሞተሮች የቫልቮቻቸውን ክፍተት በዘይት ተሞልተው ራሳቸውን በሚያስተካክሉ ትንንሽ ክፍሎች ይቆጣጠራሉ። ዘይቱ አየር ከበዛበት እነዚህ ክፍሎች ጠንክረው መቆም ያቅታቸውና ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። አየር የበዛበት ዘይት ሙቀትንም በደንብ አያጓጉዝም፤ ከኦክስጅን ጋር የሚገናኝበት ገጽ ስለሚሰፋም ቶሎ ያረጃል።

ስለዚህ ቪዲዮውን የሠሩት ሰዎች የሌለ ጠላት አልፈጠሩም። ችግሩ ጠላቱን የፈለጉበት ቦታ ላይ ነው።

አየር በዘይት ውስጥ በሦስት መልክ ይኖራል

የመጀመሪያው የሟሟ አየር ነው። በተለመደው የከባቢ አየር ግፊት አንድ ሊትር የማዕድን ዘይት 80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚደርስ አየር አሟሙቶ ይይዛል። አየሩ አይታይም፤ ዘይቱም ጥርት ያለ ይመስላል። ይህ አየር በራሱ ብዙም ጉዳት የለውም። ግፊት ሲቀንስ ግን ይወጣል። የአምቦ ውሃ ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ ጸጥ ብሎ እንደሚቆየውና ሲከፈት እንደሚፍለቀለቀው ማለት ነው። በሞተር ውስጥ ደግሞ ፓምፑ ዘይቱን በሚስብበት በኩል ግፊቱ ይወርዳል።

ሁለተኛው በዘይቱ ሆድ ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የአየር ፊኛዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው። ሲበዙ ዘይቱ ደብዘዝ ይላል፤ ሲያንሱ ግን በዐይን መለየት ያስቸግራል። በጨለማ ጠርሙስ ወይም በጠቆረ ያገለገለ ዘይት ውስጥ ከሆኑማ ጭራሽ አይታዩም።

ሦስተኛው ከላይ የሚንሳፈፈው አረፋ ነው። አረፋ ማለት በስስ የዘይት ግድግዳ የተለያዩ ብዙ ፊኛዎች ክምር ነው፤ አብዛኛው ይዘቱ አየር ነው። ቪዲዮው የሚያሳየን ይህን ብቻ ነው።

አራተኛ አስመሳይም አለ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከሥሩ ቡናማ ነጭ፣ ማዮኔዝ የሚመስል ነገር ተለጥፎ ካያችሁ፣ እሱ የአየር አረፋ አይደለም፤ ከዘይት ጋር የተደባለቀ ውሃ ነው። መኪናው አጭር አጭር ርቀት ብቻ እየሄደ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲቀር የእንፋሎት ጤዛ ሊፈጥረው ይችላል። የራዲያተር ውሃ በተበላሸ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ዘይቱ ሲገባም እንዲሁ ይሆናል። ሁለተኛው ከባድ ችግር ነው። ቪዲዮዎቹ ይህንንም «አረፋ» ብለው አንድ ላይ ሲጨፈልቁት ተመልካቹ መፍትሔውንም ይስታል።

አንደኛ ጉድለት፦ አረፋ ማውጣት የመናኛነት ምልክት አይደለም

ንጹህ ውሃ በጠርሙስ ነቅንቁ፤ አረፋው ወዲያው ይጠፋል። ትንሽ ኦሞ ጨምሩበትና ድገሙት፤ አረፋው ቁጭ ይላል። ለምን? የሳሙናው ሞለኪውሎች ፊኛው ገጽ ላይ ተደርድረው ግድግዳውን ይጠብቃሉ። ግድግዳው አንድ ቦታ ሲሳሳ እዚያ ያለው የገጽ ውጥረት ከፍ ይልና ከዙሪያው ፈሳሽ ስቦ ቀዳዳውን ይደፍናል። የድራፍት አረፋ ብርጭቆው አፍ ላይ ቆሞ የሚቆየውም ከብቅሉ የመጡ ፕሮቲኖች ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠሩ ነው።

አሁን ወደ ሞተር ዘይት እንምጣ። ዘመናዊ የሞተር ዘይት «ዘይት» ብቻ አይደለም። ካርቦንና ጥላሸት ሞተሩ ላይ እንዳይጋገር የሚያጥቡና ቆሻሻውን በትነው የሚይዙ ኬሚካሎች ተጨምረውበታል። እነዚህ ኬሚካሎች ደግሞ በባሕርያቸው የሳሙና ዘመዶች ናቸው። ሞተርን ንጹህ የሚያደርገው ነገር አረፋን የሚያጠነክረውም ነው ማለት ነው። ምንም ኬሚካል ያልገባበት ተራ የዘይት መነሻ በጠርሙሱ ውድድር ጥሩ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ሞተር ውስጥ ግን ብዙም አይዘልቅም።

ሁኔታዎቹንም ተመልከቱ። ጠርሙሱ ምን ያህል ሞልቷል? ጢም ብሎ የሞላ ጠርሙስ ቢነቀንቁት ብዙ አረፋ አያወጣም፤ አየር የለማ! ቀኝ እጅና ግራ እጅ እኩል ነቅንቀዋል ወይ? ሁለቱ ዘይቶች እኩል ውፍረት አላቸው? የክፍሉ ሙቀትስ ስንት ነው? ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሠራል፤ ጠርሙሱ ግን ገና የክፍሉን ሙቀት ነው የያዘው። ከሙቀት ጋር የዘይቱ ውፍረትም የአረፋው ዕድሜም ይለወጣል።

ሁለተኛ ጉድለት፦ የሲሊኮን ነገር

የዘይት አምራቾች አረፋን ዝም ብለው አያዩትም። አረፋ የሚያፈርስ ኬሚካል ይጨምራሉ፤ በብዛት የሚታወቀው የሲሊኮን ዘይት ነው። መጠኑ በጣም ጥቂት ነው። አንድ አምራች ከሚሊዮን አሥር እጅ ጨመረ እንበል። በአምስት ሊትር ዘይት ውስጥ ይህ ከአንድ ጠብታ አይበልጥም። ጠብታዋ ግን ጉልበተኛ ናት። ሲሊኮን በዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ እጅግ ደቃቅ ሆኖ ይበተናል። የገጽ ውጥረቱ ከዘይቱ ያነሰ ስለሆነ የአረፋው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በፍጥነት ይንሰራፋል፣ ግድግዳውን ያሳሳዋል፣ ፊኛው ይፈነዳል።

እስቲ ጥያቄውን አጥብቀን እንጠይቀው። ከላይ ያለው አረፋ ጠፋ፤ ከውስጥ ያሉት ፊኛዎችስ?

ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የሲሊኮን ኬሚካሎች ከላይ ያለውን አረፋ ሲያፈርሱ፣ ከውስጥ ያለው አየር የሚወጣበትን ጊዜ ሊያረዝሙት እንደሚችሉ በዘይት ኢንዱስትሪ ዘንድ የታወቀ ነው። ፊኛዎቹ ተዋህደው ተልቀው ከመውጣት ይልቅ ደቀው ይቆያሉ። ስለዚህ ዘይት ቀማሚዎች ሁልጊዜ ሚዛን ይፈልጋሉ፤ ሲያንስ አረፋው ይቆማል፣ ሲበዛ አየሩ ከውስጥ ይታሰራል። ሲሊኮን አየር ማውጣትን በጣም በሚያዘገይበት ቦታ፣ ለምሳሌ በተርባይንና በሃይድሮሊክ ዘይት፣ ሌላ ዓይነት አረፋ ማፍረሻ መምረጥ የተለመደ ነው።

ይህን ይዛችሁ ወደ ቪዲዮው ተመለሱ። ውድድሩ የሚሸልመው ከላይ አረፋ የሌለውን ነው። በጥንቃቄ ሚዛኑን የጠበቀ አምራችና ሲሊኮን ያለ ልክ የጨመረ አምራች ቢወዳደሩ፣ ካሜራው ፊት የሚያምረው ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። «ፎርጂድ ይያዝበታል» የሚለውም በዚሁ ይወድቃል። አስመሳይ ዘይት የሚሠራ ሰው ይህን ፈተና ማለፍ ከፈለገ የሚያስፈልገው ጥቂት ጠብታ ነው። ፈተናው እውነተኛውን ከአስመሳዩ ሳይለይ፣ ለአስመሳዩ ምስክር ሆኖ ሊቀርብለት ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ሲሊኮኑ ስላልሟሟ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ በቆየ ዘይት ውስጥ ሊዘቅጥ ይችላል። ሁለት ጠርሙሶች በአረፋ ቢለያዩ ምክንያቱ የአምራቹ ጥራት ሳይሆን የመደርደሪያ ዕድሜ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቪዲዮው ይህን ለመለየት ምንም አላደረገም።

ትንሽ ሒሳብ፦ ደቃቅ ፊኛ ለምን አይወጣም?

አየርላንድ የተወለደው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው ሥራ፣ በፈሳሽ ውስጥ ቀስ ብላ የምትጓዝ ትንሽ ኳስ ምን ያህል እንደምትጎተት አሳየ። ከእሱ የሚወጣው ነጥብ ይህ ነው፦ ፊኛ ወደ ላይ የምትወጣበት ፍጥነት ከዲያሜትሯ ስኩዌር ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከፈሳሹ ውፍረት ጋር ደግሞ በተቃራኒው።

በቁጥር እንየው። የተለመደ 15ደብሊው-40 የሞተር ዘይት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው እንበል። ዲያሜትሯ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ፊኛ 10 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 20 ሰከንድ ያህል ይበቃታል። ዲያሜትሯ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የወፍራም ፀጉር ውፍረት ያህል የሆነችው ግን መቶ እጥፍ ትዘገያለች፤ ያንኑ ርቀት ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል!

ሞተር ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል። 100 ዲግሪ ላይ ያቺ ትንሽ ፊኛ ስምንት እጥፍ ገደማ ትፈጥናለች፤ ግማሽ ሰዓቱ ወደ አራትና አምስት ደቂቃ ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ግን ሞተሩ ያን ያህል ይጠብቃታል? አምስት ሊትር ዘይት የሚይዝ ሞተር ፓምፑ በደቂቃ 25 ሊትር የሚገፋ ቢሆን፣ ዘይቱ በሙሉ በደቂቃ አምስት ጊዜ ይዞራል። ከሞተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ የሚያርፈው ቢበዛ 12 ሰከንድ ነው። በ12 ሰከንድ ያቺ ፊኛ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አትወጣም። ተመልሳ በፓምፑ ተስባ ወደ ኩሽኔታው ትሄዳለች።

ቪዲዮው የሚያሳየው ግን ትልልቆቹን፣ ወደ ላይ ወጥተው የጨረሱትን ነው። ወጥተው የጨረሱት ለሞተሩ ያን ያህል አሳሳቢ አይደሉም፤ አሳሳቢዎቹ ገና ያልወጡት ናቸው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ትምህርት በትርፍ እናገኛለን። አንዳንድ ሰው አረፋ ሲያይ «ወፍራም ዘይት ላድርግበት» ይላል። ስቶክስን ከጠየቃችሁት መልሱ ግልጽ ነው፦ ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ፊኛው ይዘገያል። የዘይቱን ውፍረት መምረጥ ያለበት የመኪናው መመሪያ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ያየነው አረፋ አይደለም።

ባለሙያዎቹስ እንዴት ይለኩታል?

ለአረፋ የሚታወቀው ፈተና ኤኤስቲኤም ዲ892 ይባላል። ዘይቱ በመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ሆኖ፣ በደቂቃ 94 ሚሊ ሊትር አየር ለ5 ደቂቃ በሥሩ በኩል ይነፋበታል። የአረፋው መጠን ይለካል፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይለካል። ይህ በ24 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀጥሎ በ93.5፣ ቀጥሎ ተመልሶ በ24 ዲግሪ ይደረጋል። አስተውሉ፦ የአየሩ መጠን የታወቀ ነው፣ ሙቀቱ የታወቀ ነው፣ ጊዜው የታወቀ ነው። የማንም ክንድ ጉልበት ውጤቱ ውስጥ አይገባም። በሞቃት ሞተር ውስጥ ለሚሆነው ደግሞ 150 ዲግሪ ላይ የሚደረግ ሌላ ፈተና አለ።

ከዚህ የተለየ፣ ዲ3427 የሚባል ሌላ ፈተናም አለ፤ በተለይ ለተርባይንና ለሃይድሮሊክ ዘይት። በዚህኛው አየር ለ7 ደቂቃ ይነፋና ከዘይቱ ውስጥ ያለው አየር ወደ 0.2 በመቶ እስኪወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይለካል። የሚለካውም በእፍግታ ነው፤ አየር ያለበት ዘይት ቀላል ስለሆነ፣ አየሩ ሲወጣ እፍግታው ተመልሶ ይጨምራል። ሁለት ፈተና ለምን አስፈለገ? ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ስለሆኑ ነዋ! አንዱን በደንብ ያለፈ ዘይት ሌላውን ሊወድቅ ይችላል።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በፎርድ የጭነት መኪኖች ላይ የተገጠመው የናቪስታር 7.3 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች የሚያንቀሳቅሰው በራሱ የሞተር ዘይት ነበር። ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት እየተገፋ ነዳጁን ይጨምቃል። እንዲህ ባለ ሞተር ውስጥ ዘይቱ አየር ከያዘ ኢንጀክተሩ የሚረጨው መጠንና ሰዓት ይዛባል፤ ሞተሩ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ይኸው ሞተር መፈተኛ ሆነ። ለ20 ሰዓታት እየሠራ በዘይቱ ውስጥ ምን ያህል አየር እንደገባ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሲኤች-4 የተባለው የናፍጣ ሞተር ዘይት ደረጃ የፈቀደው ጣሪያ 8 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ሲኬ-4 ደግሞ ፈተናውን ወደ ካተርፒላር ሲ13 ሞተር ቀየረው፤ ጣሪያውም 11.8 በመቶ ሆነ።

«እንዴ፣ ታዲያ ደረጃው ላላ ማለት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጎበዞች ናችሁ። አይደለም። ሞተሩም አሠራሩም ስለተለየ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። የጠርሙሱ ቪዲዮ ስህተትም ይኸው ነው፤ የማይወዳደሩ ነገሮችን አሰልፎ አሸናፊ ይሰይማል። ሌላም ልብ በሉ፦ ፈተናውን ያለፈ ጥሩ ዘይት እንኳ የሚሠራ ሞተር ውስጥ በርከት ያለ አየር ይይዛል። «አየር የሌለበት ዘይት» የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው ምን ያህል ይዟል፣ ምን ያህል ቶሎስ ይለቃል ነው።

ሦስተኛ ጉድለት፦ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ዘይቱ አይደለም

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ይህ ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲያወጣ አረፋ ቢያይ ምን ያደርጋል? «ዘይቱ ፎርጂድ ነው» ብሎ ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ግን አረፋውን የሚፈጥረው ሞተሩ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው፤ ዘይቱ ቢቀየርም ተመልሶ ይመጣል።

አንዱ ምክንያት ከልክ በላይ መሙላት ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሲያልፍ የሚሽከረከረው ክራንክሻፍት ይደርስበትና እንደ እንቁላል ይመታዋል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ ዘይቱ ሲያንስ የፓምፑ መሳቢያ አየር ይስባል፤ የቀረው ዘይት ደግሞ ለማረፍ ጊዜ አያገኝም። ሦስተኛው በመሳቢያው ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም የተበላሸ ጎማ ነው። እዚያ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዘይት ወደ ውጭ ከመንጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የሚንጠባጠብ ነገር ላታዩ ትችላላችሁ። አራተኛው ብክለት ነው፦ ውሃ፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ ነዳጅ፣ አቧራ፣ ወይም የማይስማማ ሌላ ዘይት።

ዘይቱን ብቻ የቀየረው ሰው ገንዘቡን ያወጣል፣ ችግሩን ግን ይዞት ይሄዳል። በጭነት መኪና ወይም በታክሲ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው የተበላ ኩሽኔታ ማለት ለቀናት የቆመ ሥራ ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ «አረፋ አጥፊ» የሚባል ነገር ገዝቶ ከላይ ይጨምራል። ከላይ እንዳየነው ሚዛኑ ቀድሞ በፋብሪካ ተሠርቷል፤ ያለ ልክ የተጨመረ አረፋ አጥፊ አየሩን ከውስጥ ሊያስረው፣ እንዲያውም አረፋውን ሊያብሰው ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቤተሰባችሁ መኪና ካለው ቀላሉ ነገር ይህ ነው፦ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ማየት፤ በመመሪያው የተጻፈውን ደረጃና ውፍረት መጠቀም፤ አረፋው ከተመላለሰ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ሞተሩን ሳያስነሱ ለመካኒክ ማሳየት።

ይልቅ እንዲህ ቢሠራስ?

ትችት ብቻ አንተውላችሁ። ጠርሙስ መነቅነቅ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ የጎደለው መለካት ነው። ቤት ውስጥ በምግብ ዘይት ብትሠሩት ንጹህም ቀላልም ነው።

ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙሶች ውሰዱ፤ እኩል ዘይት፣ እኩል ክፍት ቦታ። ሁለቱንም በአንድ እጅ፣ ተራ በተራ፣ ለአንድ ደቂቃ ነቅንቁ። ከዚያ ወዲያው በጠባብና ረጅም ብርጭቆ ቅዱትና ከአረፋው ሥር ያለው የዘይቱ ከፍታ የት እንደደረሰ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። አረፋውን እርሱት፤ የዘይቱን ከፍታ በየደቂቃው ተከታተሉ። አየሩ እየወጣ ሲሄድ ከፍታው ይወርዳል። ከ100 ሚሊ ሜትር ወደ 96 ከወረደ፣ መጀመሪያ ላይ 4 በመቶ ገደማው አየር ነበር ማለት ነው። አሁን አንዱን ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ካሞቃችሁት በኋላ ድገሙት። የትኛው ቶሎ ወረደ? ሦስት ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ውጤቱ ይመሳሰላል? ይህ እንኳ ስለ ሞተር ዘይት ጥራት አይፈርድም። ግን ለካችሁ፣ ከውስጥ ያለውን አየር አያችሁ፣ ደገማችሁ።

ቀጥሎ ሁለት ነገር ነቅንቆ «አያችሁ?» የሚል ቪዲዮ ሲመጣባችሁ፣ ዘይትም ይሁን ማር፣ ወተትም ይሁን ሳሙና፣ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ጠብቁት፦ የሚያሳየኝ ነገርና የሚጎዳኝ ነገር አንድ ናቸው? በሞተር ዘይት ጉዳይ መልሱን አይተናል። አረፋው ከላይ ነው፤ ለኩሽኔታው የሚያሰጋው አየር ግን ከሥሩ ባለው ዘይት ውስጥ ነው።